ዶክተሩ ሽጉጥ ሲመርጥ

ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር እያለ ነው የሚጠራኝ። ዶክተር አይደለሁም። መነጽር ሠሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዓይን ለክቼ መነጽር ሸጫለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ደንበኛ በስህተት ዶክተር ብላ ጠራችኝ። ላርማት አፌን ስከፍት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ በመስታወት ውስጥ አየሁ። ሰውዬው እኔ ነበርኩ፤ ጋውኑም ያምርብኝ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እንደ ዘጋሁት ቀረ።

ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁት ብዬ ነው። ያልሆንኩትን ነህ ሲሉኝ የምከለክል ሰው አይደለሁም። ሽጉጥ ልግዛ ብዬ የተነሳሁትም፣ የተዋረድኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ሱቃችን መንገድ ዳር ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከሱቁ ጀርባ። በመካከላቸው ትንሽ ግቢ አለች። ከሳሎኑ መስኮት እስከ ግቢው በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ደንበኛ እመረምራለሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ በትንሿ መስኮት ወደ ጓዳ አቀብላለሁ። ጓዳ ያለችው ባለቤቴ ናት። ሌንሱን የምትስለው፣ ፍሬሙ ውስጥ የምትገጥመው፣ ደንበኛው ሲመለስም አፍንጫው ላይ የምታስተካክልለት እሷ ናት። ምስጋናውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ሥራውን እንዲህ ተከፋፍለን ስንኖር አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም፤ ወይም ቅር ሲላት አላየሁም። ማየትን በተመለከተ የኔን ቃል ብዙ ባታምኑት ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የተዘረፈ ዕለት ነው። ሌባው በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ቴሌቪዥኑን፣ ካውያውን፣ ምሳቸውን ከነድስቱና ከነማንኪያው ይዞ ሄደ። ቴሌቪዥኑ አልገረመኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ማንኪያው ነው። ማንኪያ ፈልጎ፣ መሳቢያ ከፍቶ፣ መርጦ የሚወስድ ሌባ ተረጋግቶ የሚሠራ ሌባ ነው። የተረጋጋ ሰው ደግሞ ድሮም ያስፈራኛል።

ከዚያ ወዲያ በራችን ላይ የሚያልፍ ሁሉ ሌባ ይመስለኝ ጀመር። መስኮቱ ጋ ቆሜ አያለሁ። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይቆማል፣ ደግሞ ሌላው አጥሩን ተደግፎ ስልክ ያወራል። የሚገርመው ነገር የማናቸውም ፊት አይለይም ነበር። ግንባሩም አፍንጫውም አንድ ላይ የተለቀለቀ፣ ውሃ የነካው ፎቶግራፍ ነገር። ጤነኛ ሰው ቢሆን ዓይኔን ምን ነካው ይላል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዓይን ስመረምር የኖርኩት ሰውዬ፣ ዘንድሮ ሌቦች ፊታቸውን መደበቅ ለመዱ ብዬ ደመደምኩ።

መነጽሬን ቀኑን ሙሉ ስጠርግ እውላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሌንስ ቀይሬያለሁ። “ይሄ ሌንስ ቶሎ ይቆሽሻል” እላለሁ ለባለቤቴ። እሷ ቀና ብላ ታየኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እና አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጉንፋን ይዞኝ ሱቁን ዘግቼ ቤት ገብቼ ነበር። ባለቤቴ ፍሬም ልታመጣ ወደ አስመጪው ሄዳለች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ አያሰማም። በመስኮት ባይ፣ የግቢው በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ረጅም ነው። ራሱ ላይ ጆንያ ነገር ደፍቷል። ብብቱ ስር ረጅም ነገር ይዟል፤ ጠመንጃ ነው ብል ማን ይከለክለኛል? በሩን በእጁ ይደበድባል፣ በፍርግርጉ አሻግሮ ወደ እኔ ያያል፣ አንድ እጁን ያነሳል።

ዙሪያዬን ሳማትር ያገኘሁት የባለቤቴን ጃንጥላ ነው። ረስታው ሄዳ ኖሯል። መስኮቱን በጠባቡ ከፈትኩና የጃንጥላውን ጫፍ አውጥቼ አነጣጠርኩበት። “መሣሪያ አለኝ! ሂድ ከዚህ! እተኩሳለሁ!” ብዬ በጉንፋን ድምፅ ጮህኩ። ሰውየው ደርቆ ቀረ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ሄደ። ጃንጥላውን ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ሰው አባርሬ አላውቅም።

ባለቤቴ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሱቁ በኩል ዞራ ገባች። እስከ አጥንቷ በስብሳለች። ጀብዱዬን እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመርኩላት።

“ረጅም ነበር?” አለች ፀጉሯን እየጨመቀች።

“በጣም! ሁለት ሜትር ይሆናል።”

“ምን ይዟል?”

“ጠመንጃ የሚመስል ነገር። ጃንጥላሽን እንደ ሽጉጥ ደግኜ ባላስፈራራው ዛሬ ጉዳችን ፈልቶ ነበር።”

ጃንጥላውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የያዘችውን የፍሬም ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና “ጎበዝ” አለች። ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ያን ቃል ይዤ ደረቴን ነፋሁ። በጃንጥላ ይህን ከሠራሁ በእውነተኛ ሽጉጥ ምን ላደርግ ነው እያልኩ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የጦር መሣሪያ መሸጫ ሄድኩ። በጫማ መደብርና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ሻጩ በዕድሜ የገፉ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ግን የመጽሐፍ ቤት ሠራተኛ የሚመስል ሰው ናቸው። ድሮ ወታደር እንደነበሩ ሰምቻለሁ። እኔ መቼም ወደ ሱቁ የገባሁት እንደ ሰፈር ሽፍታ ትከሻዬን እያወዛወዝኩ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለችው ደረጃ አታለለችኝና በተንበረከከ አኳኋን ነው የተዋወቅነው።

“ደህና ነዎት?” አሉ።

“ደህና ነኝ። ሽጉጥ ፈልጌ ነበር።”

“ለምን?”

“ለቤትም ለራሴም።”

“ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?”

“እኔና ባለቤቴ ብቻ። ልጆች አግብተው ወጥተዋል።”

“ተኩሰው ያውቃሉ?”

“ትናንት...” ብዬ ጀመርኩና የጃንጥላው ነገር ትዝ ሲለኝ ተውኩት። “አላውቅም።”

ሦስት መሣሪያ አውጥተው ጨርቅ ላይ ደረደሩልኝ። አንዱ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ወደ እሱ ነበር ልቤ የሮጠው፤ ፎቶ ለመነሳት የሚሆን ነገር ነው። አንስቼ ስዞር ግን አፈሙዙ የመደርደሪያውን መስታወት ሊመታ ሲል ሽማግሌው ባልጠበቅኩት ፍጥነት ያዙት። “ለጠባብ ቤት ይከብዳል” አሉ በትሕትና። ሁለተኛው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ ጠንካራ፣ አሮጌ፣ እንደ ብረት ምጣድ የከበደ። ሦስተኛው ጥቁር፣ ትንሽ፣ ለእጅ የሚመች። እሱን ስይዝ የሆነ ነገር ውስጤ ቀጥ አለ። ጋውኑን መጀመሪያ የለበስኩ ቀን እንዲሁ ነበር የተሰማኝ።

“ይሄ ይሁንልኝ” አልኩ።

“ቆይ፣ አይቸኩሉ። የት ነው የሚያስቀምጡት?”

“ትራስ ስር።”

“ትራስ ስር አይሆንም። የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ያስፈልጋል። ጥይቱ ለብቻው፣ መሣሪያው ለብቻው። ባለቤትዎም አያያዙን ማወቅ አለባቸው። ሌላው ደግሞ...” አሉና ፊቴን ትኩር ብለው አዩ። “ከዚህ ሁሉ በፊት ዓይን ነው። በር ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ሳይለዩ ቃታ አይነካም። የወጣች ጥይት ይቅርታ ብትላት አትመለስም።”

ሳቄ መጣ። “ለእኔ ነው ስለ ዓይን የሚነግሩኝ? ዓይን እኮ እንጀራዬ ነው። ዶክተር ነኝ” አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

“እንግዲያው ጥሩ” አሉ። “ባዶ ናት፣ አረጋግጫለሁ። ወደዚያ ግድግዳ ያነጣጥሩ። ሰዓቱን ያዩታል አይደል?”

“በሚገባ” አልኩ። አንድ ክብ ነገር አለ፤ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ሰሃንም ሊሆን ይችላል።

“ስንት ሰዓት ይላል?”

ክንዴን ሳነሳ እጅጌዬ ወደ ኋላ ሸሸና የእጄ ሰዓት አፍንጫዬ ስር መጣልኝ። የቅርቡን ገና አያለሁ። “አራት ሰዓት ከሩብ” አልኩ ሳልንተባተብ። ብልጠቴን በልቤ አደነቅኩት።

ሽማግሌው ሽጉጧን ከእጄ ቀስ አድርገው ተቀበሉና በጨርቁ ጠቀለሏት። “ፈቃድ ያውጡ። ፎርሙ ላይ የትዳር ጓደኛ ፊርማ አለ። ከመፈረማቸው በፊት ባለቤትዎ እዚህ ቢመጡ ደስ ይለኛል” አሉ።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስደርስ ዕድል ቀናኝ። የዓይን ምርመራው እዚያው ነው፤ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰንጠረዥ ደግሞ የእኔው ሱቅ ሰንጠረዥ ነው። ከዓመታት በፊት ሱቃችን ያሳተመው፣ ለትምህርት ቤቱም ለመሥሪያ ቤቱም ያደልነው። ፊደል ለማያውቅም እንዲሆን ሦስት ጣት ባለው ሹካ ምልክት የተሠራ ነው፤ ሹካው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያያል፤ ከላይ ትልቅ ሆኖ ጀምሮ ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ሰንጠረዥ ጎን ቆሜ ደንበኛ ሲያነብ ሰምቻለሁ። በእንቅልፌ ሁሉ እወርደዋለሁ።

“ጀምር” አለች ጸሐፊዋ።

“ቀኝ። ላይ፣ ግራ። ታች፣ ቀኝ፣ ላይ...” እያልኩ ወረድኩ። ሰንጠረዡ ለእኔ ነጭ ነገር ነው። የመጨረሻውን መስመር እንኳ፣ ማንም የማያነበውን፣ አንድ ሳላጎድል ተወጣሁት። ጸሐፊዋ ብዕሯን አቆመች። “እስከ ዛሬ ያንን መስመር ያነበበ የለም” አለች።

“ሙያ ነው እህቴ” አልኩና ማኅተሙን ይዤ ወጣሁ። የቀረኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ፎርሙን ገልብጣ ገልብጣ አየችው። “ልፈርም?” አለች።

“ምን ቸገረሽ?”

“እስቲ መጀመሪያ ሽማግሌው ጋ ልሂድ። ጠርተውኝ የለ።” በማግስቱ ሄደች። ስትመለስ በቀጥታ ጓዳ ገብታ እስከ ሱቁ መዝጊያ ሰዓት ድረስ ሌንስ ስትስል ዋለች፤ የማሽኑ ድምፅ ከወትሮው የጠነከረ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቼ መጋረጃውን ስስብ ከኋላዬ “ና፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ” አለችኝ።

“የቱ ወንበር?”

“የደንበኛው። ዕድሜህን ሙሉ ሰው አስቀምጠህበታል፤ ዛሬ አንተ ተቀመጥ። አንብብልኝና እፈርማለሁ።”

ይህቺማ ቀላል ናት ብዬ ተቀመጥኩ። እግሬን እንኳ አነባበርኩ። “ቀኝ” አልኩ። “ላይ፣ ግራ። ታች፣ ቀኝ፣ ላይ።” “ቀጥል” አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተለውጧል፤ እኔ ግን ሩጫ ላይ ነኝ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን እያንደቀደቅኩ ወርጄ በመጨረሻው መስመር ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጨረስኩና ፎርሙን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

ፎርሙን አላቀበለችኝም። ሰንጠረዡን ከነሚስማሩ ነቅላ መጣችና አፍንጫዬ ስር ያዘችልኝ። የመጀመሪያው ትልቁ ሹካ ወደ ታች ነበር የሚያየው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የማላውቀው ነው።

ገልብጣ ሰቅላው ኖሯል። ሰንጠረዡ ጀርባ አለው። በሌላ ቅደም ተከተል የታተመ፣ ደንበኛ ሸምድዶ እንዳያጭበረብር ተብሎ የተሠራ ጀርባ። ሲታተም ይህን ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሚስማሩ ዝጎ ስለነበር ገልብጬው አላውቅም።

“የሽማግሌው ሰዓት” አለች፣ “ከቆመ አራት ዓመቱ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የቆመው። ሆን ብለው ነው የማይጠግኑት።”

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

“አትጥረገው” አለች። “ሌንሱ አልቆሸሸም። የሠራሁት እኔ ነኝ።”

ከዚያ ተቀመጠች፤ እኔ በምቀመጥበት፣ በመርማሪው ወንበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ስትቀመጥ አላየኋትም ነበር። እኔ የምጽፈው ቁጥር ትክክል መሆን ካቆመ ዓመት አልፎታል አለችኝ። አንድ ደንበኛ ተመልሶ ደረጃ ሲወርድ መውደቁን ነገራት። ከዚያ ጀምሮ ፍሬም ላስተካክልልህ እያለች እያንዳንዱን ደንበኛ ጓዳ አስገብታ እንደገና ትለካለች። የእኔን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች፣ በራሷ ቁጥር ትሠራለች። እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት ደንበኛ ሁሉ ረክቶ ሲመለስ እያየሁ፣ ከዕድሜ ጋር በሙያዬ በስያለሁ ስል ነበር። ለልብስ ሰፊው ሳይቀር ነግሬዋለሁ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ስንቴ ጀመርኩት። በጀመርኩ ቁጥር መነጽር ትጠርጋለህ።” ጣቶቿን አየች። በሌንስ ዱቄት ነጥተዋል። “ፈራሁልህ። ዓይኔ ጠፋ ብለህ እጅህን አጣጥፈህ እንዳትቀመጥ ፈራሁ። ራስህ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት ግን...”

“ማክሰኞ ምን?”

“በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

“ላስቲክ ራሴ ላይ ደፍቼ፣ የፍሬም ካርቶን ታቅፌ። የግቢውን ቁልፍ ረስቼ የሱቁን ብቻ ይዤ ነበር። እኔ ነኝ እያልኩ ጮህኩ፤ ዝናቡ አላሰማህም። እጄን አነሳሁልህ። አንተ ጃንጥላዬን ደገንክብኝ። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ ፊትህን አየሁት፤ አትቀልድም። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ አንተን ፈርቼ አላውቅም። ያን ቀን ፈራሁህ። አሁን ደግሞ ጃንጥላውን በሽጉጥ ልቀይረው ነው ፈርሚልኝ ትለኛለህ።”

ሁለት ሜትር ብያት ነበር። ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ እንኳ አትደርስም። አፈርኩ። እፍረቱ አልፎ ሲመጣ ደግሞ ከስሩ የነበረው ወጣ፤ ፍርሃት ነበር፣ ግን የሌባ ፍርሃት አልነበረም። ጠዋት ስነሳ መስኮቱ ጭጋግ ይለብሳል፤ ጭጋጉን በእጄ እጠርገዋለሁ፤ አይጠረግም። የዓይን ሞራ ምን እንደሚመስል በሰው ዓይን ላይ ስንቴ አይቼ ሐኪም ቤት ልኬያለሁ። የራሴን ግን አላየሁም፤ ላየው አልፈለግኩም። መነጽር ሠሪ ዓይኑ ከጠፋ ምን ይቀረዋል? ዓይኔ እየጠፋ ነው ብሎ ለሚስት ከመንገር ሽጉጥ መግዛት ቀሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኳት። እየነገርኳት አለቀስኩ። እሷም ፎርሙን ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። ፎርሙን ራሴ መለስኩ። ጸሐፊዋ “የመጨረሻውን መስመር አንብበህ የለም እንዴ?” ብላ ተከራከረችኝ። ሰንጠረዡን ገልብጪው አልኳት። ገለበጠችው፣ አንብብ አለች፣ ከጠረጴዛው ባሻገር ያየሁት ነጭ ነገር ብቻ ነው። ፊቷ ተቆጣ፤ ከዚያ በፊት የመረመረቻቸውን ሰዎች እያሰበች መሰለኝ። ሐኪም ቤት ደግሞ ልጄ የሚሆን ወጣት ሐኪም ሁለቱንም ዓይኔን አየና “አባቴ፣ ይሄ እኮ ቢያንስ ሁለት ዓመቱ ነው። በአቅራቢያዎ ዓይን የሚያይ ሰው አልነበረም?” አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ሳቋን አፍና ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ከዚያ ሆና ስትስቅ ግን ይሰማ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው የተሰጠኝ ቀጠሮ ሰባት ሳምንት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ወንበር ተለዋወጥን። እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ መረመረች፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ደንበኛ ተቀበልኩ፣ ሱቅ ጠረግሁ፣ ሳጥን ተሸከምኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ዶክተሯ ውስጥ ናት እላለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌው ሻጭ የማንበቢያ መነጽር ሊያሠሩ መጡና በሩ ላይ ሲያገኙኝ “ስንት ሰዓት ነው ዶክተር?” አሉኝ። “ሰባት ሰዓት” አልኳቸው። ከተዋወቅን ጀምሮ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

ወንበር ከተለዋወጥንበት ቀን ጀምሮ ባለቤቴ አንድ ልማድ አወጣች። ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ የግቢው በር ላይ ትቆምና ዕቃዋን እግሯ ስር አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ የተነሱ እጆች የሚመስል ነገር አያለሁ። እጅ ሰጥቻለሁ፣ አትተኩስ ማለቷ ነው። እስቃለሁ፣ እጄን አወዛውዛለሁ፣ ሄጄ እከፍታለሁ። አንድም ቀን አላቋረጠችም። አንዳንዴማ አሁንስ ቀልዱ በዛ እል ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። የቀኝ ዓይኔ ፋሻ ከተፈታ በኋላ ሐኪሙ ሳምንት ቤት ተቀመጥ አለኝ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አጠገቤ ዋለች፤ በአራተኛው ሱቁን መክፈት ግድ ሆነባት፤ ከሰዓት በኋላም ዕቃ ለማምጣት ወጣች። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። የግቢው በር ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ ከታች በኩልም ዝጓል። በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ያሉትን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፤ ሁሉም ፊት አላቸው። አንዱ ልብስ ሰፊው ነበር፤ አሳዛኝ ፊት ነው ያለው ሰውየው፣ በጣም ደግ።

ከዚያ ባለቤቴ መጣች። ዘምቢሏን አስቀመጠች። ፀጉሯ ከፊት በኩል ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ መቼ እንደሸበተ አላውቅም። ሁለት እጇን አነሳች። ትስቃለች ብዬ ነበር። አትስቅም። ቀጥ ብላ ቆማ መስኮቱን ታያለች፤ ውጤት የሚነገራት ሰው ነበር የምትመስለው።

እጆቿን አየኋቸው። የተዘረጉ እጆች አይደሉም። በአንዱ እጇ ሦስት ጣት፣ በሌላው ሁለት ጣት ነው ያነሳችው።

ሰባት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስትመረምረኝ ኖራለች። እኔም በየቀኑ እጄን እያወዛወዝኩ ስወድቅ ነበር።

መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። “ሦስትና ሁለት” አልኩ።

እጆቿ አልወረዱም። ጣቶቿን ቀየረች።

“አራትና አንድ።”

እንደገና ቀየረች።

“ሁለትና ሁለት” አልኩ። “ቀለበትሽን በሌላኛው ጣትሽ አድርገሻል።”

ያኔ ሁለቱንም እጆቿን አወረደችና ፊቷን ሸፈነችባቸው። በባዶ እግሬ ነው ግቢውን ያቋረጥኩት። አሥራ አራቱን እርምጃ በስንት እንደጨረስኩት አላውቅም። በሩን ስከፍት ዓይኖቿን በእጅጌዋ ጠርጋ ጨርሳ ነበር፤ ዘምቢሉን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

“ተሸከም እንግዲህ” አለች። “ማየቱን ካየህ።”